ኮሶ ታየን፤ ባለበሬውን እንክሰስ?

«ሲስተርን ይጠይቁ» — የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከፋሲካ በኋላ የደብዳቤዎቻችሁ ጠባይ ይለወጣል። በጾሙ ስለ ጨጓራ ስትጽፉልኝ ትከርማላችሁ። ፋሲካው ሲያልፍ ደግሞ ኮሶ ብቻ ነው። ዘንድሮም ፖስታው በኮሶ ተሞልቶ መጣ፤ ስለዚህ ይህን ወር ለእሱ ለቅቄለታለሁ። ለአዲስ አንባቢዎች፦ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። 31 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ግማሹን ያህል በገጠር ክሊኒክ። ስለ ሰገራ ሳወራ አላፍርም። ቡና ይዛችሁ ከሆነ ግን እሱን ጨርሳችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? በምሥራቅ ጎጃም የገጠር ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ለፋሲካ ስምንት መምህራን ሆነን ከአንድ ገበሬ በሬ ገዝተን ቅርጫ ገባን። ሥጋው ሲያዩት ጥሩ ነበር፤ እዚያው ጥሬውን በላን። በ12ኛው ቀን ለእኔ ኮሶ ታየኝ። አፍሬ ዝም ብዬ ነበር፤ ኋላ በጨዋታ ስናነሳው ሦስት ባልደረቦቼም ታይቷቸዋል። ገበሬው የታመመ በሬ ነው የሸጠልን ብለን ቀሪውን ሒሳብ ይዘንበታል። ቀበሌ ልንከሰው የሚሉም አሉ። ምን ይላሉ?

መልስ፦ መምህር፣ ቀሪውን ሒሳብ ዛሬውኑ ክፈሉት።

ለምን እንደሆነ አብረን እንቁጠር። የኮሶ ትል ዘር ከሥጋው ጋር ሆድህ ከገባ በኋላ ትንሹ አንጀት ላይ ይጣበቅና ያድጋል። አድጎ ቁርጥራጩን ወደ ውጭ መጣል እስኪጀምር ከሁለት ወር በላይ ይፈጅበታል፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወር ገደማ። አንተ ግን ኮሶ የታየህ በ12ኛው ቀን ነው። የፋሲካው በሬ ይህን ሊያደርስ አይችልም። ከፋሲካ በፊት 55 ቀን ጾመሃል ብዬ ልገምት። 12 ቀኑ ሲጨመር 67 ቀን ሆነ፤ ይህ እንግዲህ ቅበላ ላይ ያደርሰናል። ቅበላም ትንሽ ይቀርባል። እኔ የምጠረጥረው የገናውን ሥጋ ነው፤ ወይም ከዚያም በፊት የበላኸውን። ትሉ እኮ ዓመታት አብሮ ሊኖር ይችላል። ሦስቱ ባልደረቦችህም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ይዘው የመጡ ይመስለኛል።

የፋሲካው በሬ ንጹሕ ነው ማለቴ ግን አይደለም። እሱን ሐምሌ ላይ እናያለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «የታመመ በሬ ሸጠልን» ብለሃል። በሬው አልታመመም፤ ገበሬውም ምንም አልደበቀህም። በሥጋው ውስጥ ያለው የኮሶ ዘር ሩዝ ወይም ስንዴ የሚያክል፣ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ነው። በሬው እንደልቡ ያርሳል፣ ይበላል፣ ይሰባል። ምልክት የለውም። ቄራ ውስጥ መርማሪው የመንጋጋውን ሥጋ፣ ምላሱን፣ ልቡን፣ ድያፍራሙንና ትከሻውን ሰንጥቆ ይፈልገዋል፤ እዚያ መገኘት ይወዳል። ያም ሆኖ ጥቂት ብቻ ከሆነ ያመልጠዋል። እናንተ ቅርጫውን በቅጠል ላይ ስትመድቡ ማን ሰንጥቆ አየ? ማንም። ቢታይም «ሞራ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ጓሮ ታርዶ ምላሱ ላይ አይቼ ብናገር፣ የቤቱ አባወራ «እንግዲህ ሲስተር፣ በዓላችንን አታበላሺብን» አሉኝ። ምላሱ ወጥ ገባ፤ ደግነቱ በደንብ በሰለ።

በሬው ከማን ያዘው? ይህን የሚጠይቅ ብዙ ሰው አላየሁም። ይህ ትል ጎልምሶ የሚኖረው በአንድ ፍጡር አንጀት ውስጥ ብቻ ነው፤ በሰው። ሌላ ቤት የለውም። በሬው የሚይዘው የሰው ሰገራ የነካውን ሣር ሲግጥ ነው። ከእኛ ነው የሚይዘው ማለት ነው።

በ1978 ዓ.ም. አንድ የጎጃም ደጋ ክሊኒክ ውስጥ ተመድቤ ነበር። አንዲት እናት ከቤተሰባቸው አምስት ሰው ኮሶ አለበት ብለው ደጋግመው ይመጡ ነበር። መድኃኒት ሰጠን፤ በዓመቱ እንደገና መጡ። አንድ ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩ። ቤቱ የጸዳ ነው፤ ወለሉ በእበት ተለቅልቆ አብረቅርቋል። ሽንት ቤት የለም። «የት ትወጣላችሁ?» አልኳቸው። በአገጫቸው ወደ ጓሮ ጠቆሙኝ። ከአጥሩ ጀርባ ያለው ሣር ከሌላው ይልቅ ለምለም ነበር፤ ለምን እንደለመለመ ልንገርህ አያሻኝም። በለምለሙ ሣር መሐል አንዲት ጥጃ በገመድ ታስራለች። ለቅርብ ግጦሽ ይመቻል፣ ጅብም አይደርስባትም፣ እናቲቱም ከደጅ ሆነው ያዩዋታል። ለጥጃዪቱ የታሰበላት ሁሉ ጥሩ ነበር። ያቺ ጥጃ ናት አድጋ፣ ታርዳ፣ ለዚያው ቤተሰብ ትልን የምትመልሰው።

ቁጥሩን ልንገርህ። አንድ ትል በቀን ስድስት ያህል ቁርጥራጭ ይጥላል። በአንዱ ቁርጥራጭ ውስጥ እስከ 100 ሺህ እንቁላል ሊኖር ይችላል። እርጥበት ካገኘ እንቁላሉ ሣር ላይ ለወራት ይቆያል። አንድ ሰው፣ አንድ ጠዋት፣ አንድ የመንደር ግጦሽ ይበቃል።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ብዙ የሽንት ቤት ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ ያን አልክድም። ነገር ግን ጣሪያ ያላገኘም አይቻለሁ፤ ማገዶ የተከማቸበትም፣ ዶሮ የምታቅፍበትም አይቻለሁ። ደግሞ ሞፈር ይዞ ሜዳ የዋለ ሰው ሰገራው ሲመጣ ቤት ድረስ አይሮጥም። እረኛ ልጅም እንዲሁ። ለእነሱ የምለው ቀላል ነው፦ ከግጦሹና ከወንዙ ራቅ በሉ፣ ቆፍሩ፣ ቅበሩ። መምህር ስለሆንክ ይህን ለተማሪዎችህ ብትነግር ከመካሰሱ ይሻላል።

አራታችሁም ጤና ጣቢያ ሂዱ። ስለ መድኃኒቱ ከታች አለ። የወደቀልህን ቁርጥራጭ በትንሽ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ይዘህ ብትሄድ ባለሙያውን ታግዘዋለህ፤ የየትኛው ዓይነት ትል እንደሆነ ከእንቁላሉ ይልቅ ከቁርጥራጩ ነው የሚለየው። አትፈር። ስንቱን በጭማቂ ጠርሙስ ተቀብያለሁ።

ጥያቄ፦ እናታችን ዕድሜያቸው 70 ደርሷል፤ በየሁለት ወሩ ኮሶ መጠጣት ልማዳቸው ነው። «የዱሮ ሰው በኮሶ ነው ጤና የኖረው» ይላሉ። አሁን ደግሞ የአራት ወር እርጉዝ የሆነችው እህቴም ኮሶ ስለታያት አብራ ልትጠጣ ነው። ልከልክላት ወይስ ልተው? (ከሰሜን ሸዋ)

መልስ፦ እህትሽን ዛሬውኑ ከልክያት። ለእናትሽ ደግሞ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው፤ እኔም የኮሶ ቤት ልጅ ነኝና ነገሩ ይገባኛል።

አባቴ ኮሶ የሚጠጡበት ቀን ለቤታችን እንደ ጾም ቀን ነበር። ከዋዜማው ማታ እህል አይቀምሱም። እናቴ የደረቀውን የኮሶ አበባ፣ ቀላ ያለውን እንስቱን፣ ወቅጣ በጠላ ታሳድረዋለች። ጎሕ ሲቀድ አባቴ ዋንጫውን ይዘው ይቆማሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ጊዜ ይጨልጡታል። ፊታቸው ሲኮማተር እስከ ዛሬ ይታየኛል። «ኮሶ የጠጣ ፊት» የሚባለውን ያየሁት እቤቴ ነው። ያን ቀን እንግዳ አይገባም። አበዳሪ ቢመጣም «ኮሶ ጠጥተዋል» ይባላል፤ ተመልሶ ይሄዳል። እንዲያውም አንዳንዴ ሳይጠጡም ይባል ነበር።

ኮሶ ይሠራል፤ ይህን አልክድም። ከ250 ዓመት በፊት አገራችንን ያየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ዛፉ ጽፏል። በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶችም ከእኛ አገር ያስመጡት ነበር። ነገር ግን አበባው የዚህን ያህል ሚሊግራም ብሎ አይነግርሽም። ዘንድሮ የተለቀመውና ከአምና የከረመው አንድ ዓይነት ኃይል የላቸውም። በእፍኝ ነው የሚለካው፤ የማን እፍኝ? ሲበዛ የሚያዞር ተቅማጥና ትውከት ያስከትላል። የሰውን ዓይን ያጨለመበት ጊዜ አለ፤ የሞተም አለ። እርጉዝ ሴት ደግሞ ሊያስወርዳት ይችላል። የ70 ዓመት እናት በአንድ ቀን ያን ያህል ውሃ ከሰውነታቸው ሲወጣ ልባቸውና ኩላሊታቸው ይቸገራሉ። እንቆቆ፣ መተሬና ቀጨሞ የሚጠቀሙም አሉ። የመተሬን ፍሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ሰዎች መጥነው በኪኒን መልክ ለማውጣት ሠርተውበታል፤ ደስ ይለኛል። ገበያ ላይ በስኒ የሚሸጠው ግን ያ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ያወቅሁት ነርስ ከሆንኩ በኋላ ነው። አባቴ ኮሶውን ጠጥተው የት ነበር የሚሮጡት? ከአጥር ጀርባ። በየሁለት ወሩ፣ ያን ሁሉ ሜትር ትል፣ ከነእንቁላሉ፣ በሣሩ ላይ። መድኃኒቱ እሳቸውን ይፈውስና በሬዎቻችንን ይበክላል። ከዚያ በሬ ታርዶ ይበላል፤ ከሁለት ሦስት ወር በኋላም ኮሶ ይደርሳል። «ኮሶ ዘመድ ነው፣ ይመጣል ይሄዳል» ይሉ ነበር። እኛው ነበርን ወጪና መንገዱን ችለን የምንጠራው።

እናትሽ በየሁለት ወሩ ኮሶ የሚታያቸው ከሆነ ሁለት ነገር አለ፤ ወይ የትሉ ጭንቅላት አልወጣም፣ ወይ ደግሞ እንደገና እየያዛቸው ነው። ጥሬ ሥጋ የማይበሉ ከሆነ ክትፎ ሲሠሩ ይቀምሱ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ብዙ ሴቶች «እኔ ጥሬ አልበላም» ይሉኛል። ጨውና ቅቤውን ለመለካት ግን ሦስት ጊዜ ይቀምሳሉ። እሱም ጥሬ ነው። እህትሽ ደግሞ ለሐኪሟ ትንገር። ይህ ትል ጽንሱን አይበላባትም፤ እስክትወልድ ቢጠበቅ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። መቼ እንደምትወስድ ሐኪሟ ይወስንላት።

ጥያቄ፦ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነኝ፣ አዲስ አበባ። ኮሶ ታይቶኝ ፋርማሲ ሄጄ «የትል መድኃኒት» ብዬ አልቤንዳዞል አንድ ፍሬ ሰጡኝ። አልሄደም። በወሩ ደገምኩ፤ አሁንም አለ። ትሉ ተላመደው እንዴ? ደግሞስ ጭንቅላቱ ካልወጣ ከንቱ ነው የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ አልተላመደም ወንድሜ፤ ተሳስታችሁ ነው እንጂ። አንተ «የትል» አልክ፣ እነሱም የወስፋቱን ሰጡህ። አልቤንዳዞልና ሜቤንዳዞል በየትምህርት ቤቱ ለወስፋትና ለመንጠቆ ትል የሚታደሉ ናቸው። አንድ ፍሬ አልቤንዳዞል ለኮሶ አስተማማኝ አይደለም። «ኮሶ» በል፤ በስሙ ጥራው።

ለኮሶ የሚሰጡት ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ ናቸው። ፕራዚኳንቴል በክብደት ይሰላል፤ በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ለ60 ኪሎ ሰው አንዱ የ600 ሚሊግራም ኪኒን ይበቃል ማለት ነው። ይኸው ኪኒን ለቢልሃርዝያ ሲሰጥ መጠኑ ብዙ እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ጎረቤትህ አራት ፍሬ ወሰድኩ ቢልህ አትከተለው። ኒክሎሳማይድ ለአዋቂ 2 ግራም ነው፣ አራት ፍሬ፤ ታኝከው ትውጠዋለህ። ከዚህ በፊት የሚጥል በሽታ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ብርቱ ራስ ምታት ካለብህ ግን ኪኒኑን ከመዋጥህ በፊት ለባለሙያው ተናገር። በአሳማ ሥጋ የሚተላለፈው የኮሶ ዘር የሰው አንጎል ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ያኔ ፕራዚኳንቴል በጥንቃቄ ነው የሚሰጠው። በእኛ አገር ባብዛኛው የምናየው የበሬውን ነው። የበሬው ኮሶ እንቁላል ሰው ቢውጠው ምንም አያደርገውም፤ የአሳማው እንቁላል ነው ሰው ላይ የሚከፋው።

ስለ ጭንቅላቱ የሰማኸው እውነት ነው። አንገቱና ጭንቅላቱ አንጀት ላይ ከቀረ በሁለት ሦስት ወር እንደገና ያድጋል። ችግሩ ፕራዚኳንቴል ትሉን አሟሙቶ ስለሚጥለው ጭንቅላቱን በዓይን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። የዱሮ ሰው ዱላ ይዞ ሲያገላብጥ እንደሚውለው አትድከም። ሦስት ወር ጠብቅ። ቁርጥራጭ ካልታየህ፣ የሰገራ ምርመራውም ነጻ ከሆነ፣ ተገላግለሃል።

የእኔን ልንገርህና ትንሽ ሳቅ። ሁለተኛ ዓመት ነርስ ሳለሁ ኮሶ ነበረብኝ። ሰውን ሳክም ራሴን አፈርኩ። ላቦራቶሪ ያለው ልጅ ደግሞ ያጫውተኝ የነበረ ነው፤ እንዴት ሰገራዬን ልስጠው? አንድ ዓመት ከመንፈቅ አስታመምኩት። በሥራ ላይ ሳለሁ ነጭ ጋውኔን ለብሼ እግሬ ላይ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። ቁርጥራጩ በራሱ እየተንቀሳቀሰ ይወጣል እኮ፤ ሰው የሚደነግጠው ለዚያ ነው። በመጨረሻ ስሜን ቀይሬ ሌላ ከተማ ተመረመርኩ። ልጁን ኋላ አገባሁት፤ ይህንን እስከ ዛሬ ይነግረኛል።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው። ለክትፎ ሥጋውን ፍሪዘር ውስጥ አሳድሬ ነው የምሠራው። ለኮሶ ይበቃል? ደግሞ ባለቤቴ ሚጥሚጣና አረቄ ይገድለዋል ይላል።

መልስ፦ አንድ ሌሊት አይበቃም። ሥጋው እስከ ውስጡ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ 10 ቀን መቆየት አለበት። የቤት ፍሪዘር ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይበልጥ ስለሚቀዘቅዝ ለሁለት ሳምንት ብትተዪው የኮሶ ዘሩ ይሞታል። ሌላውን ጀርም፣ እነ ሳልሞኔላን፣ ግን ብርድ አይገድላቸውም፤ ያስተኛቸዋል እንጂ። በሙቀት ከሆነ ሙዳ ሥጋ 63 ዲግሪ ደርሶ ለሦስት ደቂቃ ይረፍ፣ የተፈጨ ወይም የተከተፈ ደግሞ 71 ይድረስ። ለብ ለብ ከዚህ ሁሉ የለበትም፤ ቅቤው ሞቀ እንጂ ሥጋው አልበሰለም።

ባለቤትሽን ሰላም በዪልኝ። አረቄው ትሉን ቢገድል ኖሮ አገራችን ውስጥ አንድ ኮሶ ባልቀረ።

ጥያቄ፦ የአምስት ዓመት ልጄ ሥጋ ጥርሱን አይነካም። የሰገራ ምርመራ ግን «የኮሶ ዓይነት ትል» አለበት ተባለ። እንዴት ይሆናል? (ከደብረ ታቦር)

መልስ፦ ይሆናል። ይህ ድንክየው ነው፤ ላቦራቶሪ ወረቀቱ ላይ «ሃይሜኖሌፒስ ናና» ብለው ይጽፉታል። ከ4 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ የበሬው ግን ብዙ ሜትር ነው። በሬ አያስፈልገውም፤ ከልጅ ወደ ልጅ በቆሸሸ እጅ ይሻገራል። ልጁ ከራሱም መልሶ ይይዘዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ቢሆንም መጠኑ ይለያል፤ በኪሎ 25 ሚሊግራም ነው። የበሬውን መጠን እንዳይሰጡት። ጥፍሩን ቁረጪለት፤ እህትና ወንድሞቹንም አስመርምሪ። ያለ ሳሙና «ታጠብኩ» የሚለውን አትመኚው።

ጥያቄ፦ ያቤሎ አካባቢ ነው የምንኖረው። በግ ስናርድ ጉበቱና ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ትልቅ እብጠት ይገኛል። ለውሻ እንጥላለን። አሁን የአጎቴ ልጅ ሆድ አብጦ ሐኪም «ከውሻ ነው» አሏት። በውሻና በበግ መካከል ምን ዝምድና አለ?

መልስ፦ እናንተው ናችሁ ያገናኛችኋቸው፤ አለማወቅ ስለሆነ አትቆጪብኝ።

ይህ ሌላ ትል ነው። ውሻ አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ የሩዝ ፍሬ እንኳን አያክልም፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ። እንቁላሉ ከውሻው ሰገራ ወደ ሣሩ፣ ወደ ውሃው፣ ወደ ጸጉሩም ይሄዳል። በጉ ሲውጠው ጉበቱና ሳንባው ላይ ከረጢት ይሆናል። ከረጢቱን ጥሬውን ለውሻ ስትጥሉ ትሉን መልሳችሁ ታበሉታላችሁ። ሰው ደግሞ መሐል ገብቶ እንደ በግ ይሆናል። ልጅ ውሻ አቅፎ ይተኛል፣ እጁን ሳይታጠብ ይበላል። ከረጢቱ ዓመታት ወስዶ ያድጋል፤ ስለዚህ የአጎትሽ ልጅ የያዛት ሕፃን ሳለች ሊሆን ይችላል። በዳሰነችና በኛንጋቶም፣ ከድንበሩ ማዶም በቱርካና አርብቶ አደሮች ዘንድ በደንብ ይታወቃል። ውሻው ለእነሱ ቤትም ጠባቂም ነው፤ «ውሻ አታሳድጉ» ብዬ የማልናገረው ለዚያ ነው።

እብጠቱን በወጌሻ ወይም በመርፌ እንዳታስነኩት። ውስጡ ያለው ውሃ ሆድ ውስጥ ቢፈስ ሰውን በደቂቃዎች ሊገድል ይችላል፤ ዘሩም ይበተናል። ሕክምናው በሐኪም ነው፤ በአልቤንዳዞል ለረጅም ጊዜ፣ በቀዶ ጥገናም። አልትራሳውንድ ያለበት ሆስፒታል ድረስ ውሰዷት። እናንተ ደግሞ ውሃ የቋጠረውን ጉበትና ሳንባ አቃጥሉት፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት። ውሾቹን የእንስሳት ሐኪም ፕራዚኳንቴል ይስጣቸው። ያው የእኛው ኪኒን ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ይህን ሁሉ ይነግሩናል። ለመሆኑ እርስዎ ጥሬ ሥጋ ይበላሉ? (ስሜን አልናገርም)

መልስ፦ ስምህን ደብቀህ የእኔን ምስጢር ትጠይቃለህ! ቁርጥ ካቆምኩ 20 ዓመት ሆነኝ። ክትፎ ግን… የወንድሜ ሚስት ጉራጌ ናት። በመስቀል ቤቷ ሄጄ «የበሰለ አድርጊልኝ» ስላት፣ ጣባውን ይዛ ቆማ «ለአንቺ ብዬ የከተፍኩትን?» አለችኝ፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። በላሁ። ጥሬውን። ከቆጮው ጋር፣ ከአይቡ ጋር።

ቤት ስገባ ቀን መቁጠሪያው ላይ ታኅሣሥ 17ን አከበብኩበት። ባሌ አይቶ ሳቀ፤ «አሁን እንኳን ሌላ ከተማ አትሄጂም» አለኝ። በቀኑ ሄጄ ሰገራ ሰጠሁ፤ ነጻ ነኝ። ለመጪው መስቀል ሥጋውን በሁለት ሳምንት አስቀድሜ እኔው ገዝቼ ፍሪዘሬ ውስጥ አስቀምጬ ይዤላት እሄዳለሁ። እስካሁን አልነገርኳትም።